የጂዶ ቮልስ እና የእኔ እሑድ

እህቶቼ፣ በዚህ መጽሔት ላይ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፓስፖርት፣ ስለ ናፍቆት ብዙ ተጽፏል። እኔም እያነበብኩ አልቅሻለሁ፣ ተምሬበታለሁም። ዛሬ የምጽፍላችሁ ግን ስለ አንድ የመኪና ዕቃ ነው። ዲስትሪቢዩተር ይባላል። "ይህቺ ደግሞ ምን ነካት?" እንዳትሉኝ። ይሄ ዕቃ ነው እኔን ከቤት ያወጣኝ።

የደሴ ልጅ ነኝ። አባቴ ፒያሳ አካባቢ ሰው ጋራዥ ተቀጥሮ የሚሠራ መካኒክ ነው። ልጅ እያለሁ ከትምህርት ቤት ስመለስ ምሳውን ይዤለት እሄድና በዚያው እቀር ነበር። "የእጅ ባትሪ ያዢልኝ" ይለኛል፣ እይዝለታለሁ። የእሱ ጣት የማይገባበት ቦታ የወደቀች ብሎን ካለች የእኔ ጣት ይገባል። አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቮልስ ነበራቸው። ክረምት ሲመጣ፣ የጦሳ ጉም ከተማው ላይ ሲተኛ፣ ያቺ ቮልስ አትነሳም። በገመድ ተጎትታ ትመጣለች፣ አባቴ ከኋላ ኮፈኑን ይከፍትና ቡናማውን ቆብ አንስቶ በደረቅ ጨርቅ ይጠርጋል፣ መልሶ ይገጥማል፣ ትነሳለች። መምህሩ ሁልጊዜ ይገረማሉ። እኔም እገረም ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል ፈተና ወሰድኩ፤ ነጥቤ መሰናዶ አላስገባኝም። አባቴ ቴክኒክና ሙያ ግቢ፣ አውቶ መካኒክ ተማሪ አለኝ። እኔ ደግሞ የሰፈራችን ልጆች ከቤይሩት ለእናቶቻቸው ፍሪጅ ሲያስገዙ አያለሁ። ደላላ አገኘሁ። በ2010 ስወጣ አባቴ በር ላይ ቆሞ "ከሄድሽ እኔ ጋ እንዳትደውዪ" አለኝ። የተናደደ ሰው የሚለው ነው ብዬ ነበር። አልነበረም። አምስት ዓመት ሙሉ ስደውል እናቴ ነች የምታነሳው። በ2014 ኅዳር ደሴ ስልክ ጠፍቶ በነበረ ጊዜ ስንት ሌሊት ሳልተኛ አደርኩ። መስመሩ ሲመለስ እማዬ "አባትሽ ደህና ነው፣ አጠገቤ ነው" አለችኝ። አጠገቧ ነበር፤ ስልኩን ግን አልያዘም።

አሁን ያለሁበት ቤት ሁለተኛዬ ነው። አሌይ ይባላል አገሩ፣ ከቤይሩት ወደ ደማስቆ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ተራራ ላይ ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ልክ እንደ ደሴ ነው፣ የዘረጋሽው ልብስ ሦስት ቀን አይደርቅም። የተቀጠርኩት የማዳምን አባት እንድንከባከብ ነው። የልጅ ልጆቹ ጂዶ ይሉታል፣ እኔም ጂዶ እለዋለሁ። አያቴ ማለት ነው። በእርግጥ የምንከባከበው እሱን ብቻ አይደለም፤ ቤቱንም፣ ልጆቹንም፣ ደረጃውንም ነው። ይሄን ለእናንተ መንገር አያስፈልግም።

እሑድ አልነበረኝም። "ኮንትራትሽ ላይ የለም" ይሉኛል፤ ኮንትራቱ የተጻፈው በማላነበው ቋንቋ ነው። ከቤት የምወጣው ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ነበር፣ ያውም በጂዶ ምክንያት። ጂዶ በ1971 እንደ ፈረንጆች የተሠራች፣ የቡና ከወተት ቀለም ያላት ቮልስ አለችው። በገዛ እጁ፣ በኤሊ ፍጥነት እየነዳ አሌይ ገበያ ይወርዳል። ብቻውን እንዳይሄድ እኔ አብሬው እሄዳለሁ። እሱ ጓደኛው ሱቅ ገብቶ ቡና እየጠጣ አንድ ሰዓት ጣውላ ይጫወታል። በዚያች አንድ ሰዓት እኔ ብር እልካለሁ፣ ካርድ እሞላለሁ፣ ሁለት የአገሬ ልጆች ጋ ቆሜ በአማርኛ እስቃለሁ። ማዳም አታውቅም። ጂዶ ያውቃል፣ አይናገርም። በሳምንት አንድ ሰዓት ያችው ነበረች።

ታዲያ በ2015 ጥር ላይ ቮልሷ መነሳት አቆመች።

መጀመሪያ ጉም የሆነ ቀን ብቻ ነበር የምታስቸግረው። ከዚያ ዳገት ላይ ትደክምና ጭስ ማውጫዋ "ጧ!" ብሎ ይተኩስ ጀመር። በመጨረሻ ጨርሳ እምቢ አለች። ሚስተር አንድ መካኒክ አምጥቶ አሳየ። ሰውየው ገና ኮፈኑን ሳይከፍት ብዙ ዶላር ጠራ። በዚያን ጊዜ ሊባኖስ ውስጥ ዶላር ማለት ምን ማለት እንደነበረ ታውቃላችሁ። የእኔ ደመወዝ ራሱ አራት ወር አልተከፈለም። ሚስተር "ለብረት ገዥ ይሸጥ" አለ። ጂዶ መልስ አልሰጠም። ሶብያው አጠገብ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ እሳቱን ያያል። ምሳም በግድ ነው የበላልኝ።

እኔ ግን መካኒኩ ሊያስነሳት ሲሞክር ከወጥ ቤት መስኮት ሆኜ ሰምቼ ነበር። ሞተሪኖው "ሹሹሹሹ" ብሎ በደንብ ይዞራል፣ ሞተሩ አይዝም። ቤንዚን ይሸታል። አባቴ ልጅ ሆኜ ያስተማረኝ ነገር ትዝ አለኝ። ሞተር ሦስት ነገር ነው የሚፈልገው፦ ቤንዚን፣ አየርና እሳት። ቤንዚን ከሸተተሽ ቤንዚኑን ተይው፣ እሳቱን ፈልጊ።

እሳቱን የሚያከፋፍለው ነው እንግዲህ ዲስትሪቢዩተር። መኪና ለማታውቁ በእኛ ነገር ላስረዳችሁ። አራት ልጆች ማዕድ ከበው ተቀምጠዋል በሉ። እናት መሐል ሆና በተራ ታጎርሳለች። ባትሪው የሚሰጠው 12 ቮልት ብቻ ነው፣ በዚያ እሳት አይዘልም። ኮይል የሚባለው ዕቃ እሱን ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ያደርገውና በወፍራም ገመድ ወደ ቆቡ መሐል ይልከዋል። ከቆቡ ሥር ሮተር የምትባል ጣት መሳይ ነገር አለች፣ ትዞራለች። ስትዞር በቆቡ ዙሪያ ያሉትን አራት ነጥቦች በተራ እያገኘች እሳቱን ታጎርሳቸዋለች፣ እነሱ ደግሞ በገመድ ወደ ካንዴላ ያደርሳሉ። የቮልስ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው። ጉርሻው ያለ ተራ ከሄደ ልጁ ትን ይለዋል፤ ያ "ጧ!" የሚለው አንዱ ምክንያት እሱ ነው።

ከሮተሯ በታች ደግሞ አባቴ ፑንቲና የሚላት አለች። ሁለት ትናንሽ የብረት ነጥቦች ናቸው፤ ይነካካሉ፣ ይለያያሉ። በተለያዩ ቁጥር ነው እሳቱ የሚወለደው። ሲለያዩ በመሐላቸው የሚኖረው ክፍተት 0.4 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚያ ከጠበበ እሳቱ ይደክማል፣ ሰዓቱም ይዘገያል፣ መኪናው ዳገት አይችልም።

ይሄን ሁሉ እያወቅሁ ሁለት ቀን ዝም አልኩ። ለምን እንደሆነ እናንተ አታጡትም። መጀመሪያ ቤቴ እያለሁ ማዳም የተቀደደ መጋረጃ ልትጥል ስትል "ስጪኝ እኔ እሰፋዋለሁ" አልኩ፣ ደግ መሆኔ ነው። ሰፋሁት። በሳምንቱ የእህቷ መጋረጃ መጣ። ቀጥሎ የእናቷ ቀሚስ፣ ቀጥሎ የጎረቤት። ቀን የቤት ሥራ፣ ሌሊት ስፌት ሆነ። አንድ ሊራ አልተጨመረልኝም። ከዚያ ወዲህ የምችለውን ሁሉ ደብቄ ነበር የምኖረው። ያወቅሽው ሁሉ ሥራ ይሆንብሻል። ነገር ግን ዝም ካልኩ ደግሞ ቮልሷ ትሸጣለች፣ ቅዳሜም አብራ ትሄዳለች።

በሦስተኛው ቀን ማታ ለእማዬ ደወልኩ። "አባዬን አንድ ነገር ልጠይቀው ነው፣ ስለ መኪና ነው በይው" አልኳት። ስትነግረው ሰማሁ። ብዙ ቆየ። ከዚያ ስልኩ ላይ ትንፋሽ መጣ፣ የእሱ መሆኑን አወቅሁ።

"ደህና ነህ ወይ" ብለው የሚዘጋብኝ መሰለኝ። ስለዚህ ሰላምታውን ትቼ ቀጥታ ገባሁ።

"አባዬ፣ ቮልስ ነው። ሞተሪኖው ይዞራል፣ አይነሳም። ቤንዚን ይሸታል።"

ዝም አለ። ከዚያ "ሁልጊዜ ነው ወይስ ጠዋት ጠዋት?" አለኝ። ከአምስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው ቃሉ ይሄ ነው።

"መጀመሪያ ጉም ሲሆን ብቻ ነበር። አሁን ጭራሽ።"

"ዳገት ላይ ይደክም ነበር?"

"አዎ፣ ይተኩስም ነበር።"

"ቆቡን ከፈትሽው?"

"አልከፈትኩም። እንደማውቅ አያውቁም።"

"ታዲያ ሳታዪው ምን ትጠይቂኛለሽ? ክፈችና እይ። ከዚያ ደውዪ።"

ዘጋው። እኔ ሽንት ቤት ገብቼ ቧንቧ ከፍቼ አለቀስኩ። "ደውዪ" ነው ያለኝ።

በማግስቱ ማዳምና ሚስተር ሥራ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ጂዶን "ጂዶ፣ ቮልሷን ልያት?" አልኩት። "አንቺ?" አለ። "አባቴ መካኒክ ነው" አልኩት። ካፖርቱን አልብሼ ክንዱን ይዤ ወደ ጋራዡ ወረድን። ወንበር አድርጌለት ተቀመጠ፤ ባትሪውን እሱ ያዘልኝ። ልጅ ሆኜ እኔ ለአባቴ እንደምይዘው ማለት ነው። እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ብርሃኑም ይንቀጠቀጣል።

"ዴልኮ ነው የሚሆነው" አለኝ። ዴልኮ ምን እንደሆነ አላወቅሁም። ጣቱን ሲቀስር ዲስትሪቢዩተሩ ላይ ነው። ኋላ በስልኬ ሳነብ ዴልኮ የአንድ የአሜሪካ ፋብሪካ ስም ነው፤ እንዲህ ያለውን የእሳት ሥራ ከመቶ ዓመት በፊት ለመኪና ያወጣው እሱ ስለነበር ስሙ ለዕቃው ቀረለት።

ያደረግሁትን በቅደም ተከተል ልንገራችሁ፣ ምናልባት ይጠቅማችሁ ይሆናል።

መጀመሪያ የመኪናውን ቁልፍ አውጥቼ ኪሴ ከተትኩ። ሻሼን ወደ ኋላ አጥብቄ አሰርኩ፣ አምባሬን አወለቅሁ፤ ቺንጊያ ጨርቅና ጸጉር ይስባል። የጋራዡን በር ወለል አድርጌ ከፈትኩ፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር ማስነሳት ይገድላል፣ ጭሱ ሳይታወቅሽ ነው የሚያስተኛሽ። ቀጥሎ አራቱን የካንዴላ ገመዶች ከመንካቴ በፊት ከስፌት ዕቃዬ ክር አምጥቼ አንደኛው ላይ አንድ ቋጠሮ፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት፣ እንዲያ እያልኩ ምልክት አሰርኩባቸው። ገመድ ካቀያየርሽ አለቀልሽ።

ቆቡ በሁለት የብረት መቆንጠጫ ነው የተያዘው፤ በካቻቢቴ ስገፋቸው ተፈቱ። ገልብጬ ባትሪው ሥር አየሁት። ውስጡ ላብ እንደያዘው ግንባር ረጥቧል። እና አባቴ ሁልጊዜ የሚፈልጋት ነገር አለች፤ እርሳስ ያሰመረው የመሰለ ቀጭን ጥቁር መስመር፣ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው የሚሄድ። ቆቡ በጸጉር ያህል ተሰንጥቆ እሳቱ በስንጥቁ ሲያመልጥ የሚተወው መንገድ ነው። እንዲህ ያለው ቆብ ቢጠረግም ነገ ያው ነው፣ መቀየር አለበት።

ፎቶ አንስቼ ላክሁና ደወልኩ። ራሱ አነሳው።

"ቆቡ ሞቷል" አለ። "ፑንቲናውን አሳዪኝ።"

ሮተሯን ወደ ላይ ስቤ አወጣኋት፣ ከሥሯ ያሉትን ሁለት ነጥቦች በስልኩ አሳየሁት። ጠቁረዋል፣ አንዱ ላይ ጉብታ፣ ሌላው ላይ ጉድጓድ ወጥቷል። ክፍተቱም ከመጥበቡ የተነሳ ወረቀት አያስገባም። "ግሪስ አጥታ ነው እግሯ ያለቀው" አለኝ። ፑንቲናዋን የሚገፋት አራት ጫፍ ያለው ዘንግ አለ፤ እዚያ ላይ ግሪስ ካልተቀባ መግፊያዋ እያለቀ ክፍተቱ ይዘጋል። ጂዶን ጠየቅሁት፤ ስንት ዓመት ማንም እንዳልነካት በእጁ ምልክት አሳየኝ።

"ጂዶ፣ ሌላ ቆብ አለ?" አልኩት። ከመደርደሪያው ላይ የብስኩት ቆርቆሮ አሳየኝ። አወረድኩት። ውስጡ የማይጥላቸው ዕቃዎች ሁሉ አሉ፤ የድሮ ካንዴላ፣ ቁልፍ፣ የሟች ሚስቱ መነጽር፣ እና ካርቶኑ ውስጥ እንዳለ አዲስ ቆብ! ፑንቲና ግን የለም። "እንግዲህ ሞርጂያት" አለ አባቴ። የጥፍር ሞረዴን አመጣሁ። በሁለቱ ነጥቦች መሐል አስገብቼ ጉብታው እስኪጠፋ ቀስ ብዬ ሞረድኩ፣ ከዚያ በአልኮል የነካካሁትን ንጹሕ ጨርቅ አሳልፌ ብናኙን አወጣሁ። ለዘንጉ የምስር ክክ የምታክል ግሪስ ቀባሁ። ከዚያ በላይ አይቀባም፣ ሲዞር ተረጭቶ ነጥቦቹን ያበላሻል።

ክፍተቱን ለመለካት ቀጭን የብረት መለኪያ ያስፈልጋል፣ አልነበረንም። አባቴ "የክብሪት ቀፎ ቅደጂ" አለኝ። "በግምት ነው፣ ገበያ እስክትደርሺ ያህል። ደርሰሽ በመለኪያ ታስተካክያለሽ፣ ገባሽ?" ማርሹ ከጥርስ መውጣቱን፣ የእጅ ፍሬኑ መያዙን አየሁ። ሞተሩን በቁልፍ ቀስ ብዬ በእጄ አዞርኩ፤ የፑንቲናዋ መግፊያ ዘንጉ ጫፍ ላይ ሲወጣ ክፍተቱ በጣም ይሰፋል፣ የሚለካው እዚያ ላይ ነው። ብሎኑን ትንሽ አላልቼ የክብሪቱን ካርቶን አስገባሁ። ካርቶኑ ሲሳብ ነካ እያደረገ፣ ሳይጨነቅ እንዲወጣ ነው የሚፈለገው። ብሎኑን አጥብቄ እንደገና ለካሁ፤ ሲጠበቅ ይንሸራተታልና።

አዲሱ ቆብ ራሱ መደርደሪያ ላይ ሲከርም እርጥበት ይዟል። የማዳምን የጸጉር ማድረቂያ አስቤ ነበር፤ ግን የመንግሥት መብራት የለም፣ ከሰፈሩ ጄኔሬተር የምንገዛው 5 አምፔር ነው፣ ማድረቂያው ቆጣሪውን ይጥለዋል። ስለዚህ ቆቡን በጨርቅ ጠቅልዬ ሶብያው አጠገብ፣ ጂዶ እግሩን የሚያሞቅበት ቦታ አስቀመጥኩት። እሱ እስኪደርቅ ቡና አፈላሁ። ጂዶ ጠጣ። እኔም አብሬው ተቀምጬ ጠጣሁ።

ከዚያ ሮተሯን፣ ቆቡን፣ ገመዶቹን በክር ምልክታቸው መለስኩ። ጂዶን ሾፌሩ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ የእሱ መኪና ነው፣ እኔ አላስነሳም። ቁልፉን አዞረ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። በሦስተኛው ያዘች። ያ የቮልስ ድምፅ፣ ጤፍ ወፍጮ ቤት የሚመስለው፣ ጋራዡን ሞላው። ስልኩ አልተዘጋም ነበር። አባቴ ከደሴ ሰምቶ "አንደኛው ካንዴላ ትንሽ ይዘላል፣ ስትችዪ እዪው" አለ። ከዚያ "በይ ሥራሽን ሥሪ" ብሎ ዘጋ። ጂዶ መሪውን በሁለት እጁ ይዞ "ያ ቢንቲ፣ ያ ቢንቲ" ይላል። ልጄ ልጄ ማለቱ ነው።

አሁን እህቶቼ፣ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

ማታ ጂዶ ራት ላይ ነገራቸው። ሚስተር ሳቀ፣ አላመነም፣ ወርዶ አስነስቶ አየ። ማዳም የጥፍር ሞረዱ የእሷ እንዳይሆን ጠየቀችኝ፤ የእኔ ነበር። በሦስተኛው ቀን የፈራሁት መጣ። ሚስተር "ጎረቤታችን አሮጌ መርሴዲስ አለው፣ ነገ ጠዋት ሂጂና እይለት። የእኔንም ዘይት ትቀይሪያለሽ" አለኝ። እንደ መጋረጃው ማለት ነው።

ሌሊቱን ሳስብ አደርኩ። እምቢ ብል "ወደ ቢሮ እመልስሻለሁ" ይለኛል። እሺ ብል የጎረቤቱ ሁሉ መኪና የእኔ ነው። ጠዋት ቡና ሳቀርብ፣ ጂዶ ባለበት፣ ቆሜ ተናገርኩ። ዐረብኛዬ ስብርባሪ ነው፤ ሌሊት ስለማምድ ስላደርኩ ግን አልተንተባተብኩም።

"ሚስተር፣ ሥራዬ ጂዶና ቤቱ ነው። የጂዶን ቮልስ እይዛለሁ፣ ጂዶ እንዲወጣ። ለሌላ መኪና መካኒክ ይከፈለዋል። እኔ አራት ወር አልተከፈለኝም። የቮልሷን ጥገና እንድቀጥል ከፈለጋችሁ እሑድ ስጡኝ።"

ማዳም ተቆጣች። "ቤት ውስጥ እየበላሽ እየጠጣሽ" አለች። እግሬ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ትሪውን አጥብቄ ያዝኩ። ሚስተር ስልኩን እያየ "መካኒኩ ስንት ነበር ያለው?" ብሎ ጂዶን ጠየቀ። ጂዶ ነገረው። ሚስተር ቁጥሩን ሰምቶ ዝም አለ። በመጨረሻ "በየሁለት ሳምንቱ፣ እስከ አምስት ሰዓት" አለ፤ በእነሱ አቆጣጠር ነው፣ በእኛ አስራ አንድ ሰዓት። የጎረቤቱን መርሴዲስ ድጋሚ አላነሳውም። ደመወዙንም አላነሳም። ማዳም አስር ቀን ያህል በምልክት እንጂ በአፏ አላናገረችኝም።

ያለፈው ገንዘብ ሁለቱ ወር ቆይቶ ተከፈለኝ፣ ሁለቱ ወር እስከ ዛሬ አልተከፈለም። ደብተሬ ላይ ከነቀኑ ጽፌዋለሁ። ማኅበራችን ጋ የመጣሁት በመጀመሪያዋ እሑድ ነው፤ ደብተር መያዝን የተማርኩትም እዚሁ ነው። ይሄን ጽሑፍ የምጽፈውም እዚሁ አዳራሽ ቁጭ ብዬ ነው።

በነገራችን ላይ የሚስተር አዲሱ መኪና ዲስትሪቢዩተር የሚባል ነገር የለውም። የአሁኖቹ መኪናዎች እሳቱን በኮምፒዩተር ነው የሚያከፋፍሉት፤ ሲበላሹ ማሽን ተሰክቶ ነው የሚታየው። እነዚያን አላውቅም፣ አውቃለሁም አልልም። የቮልስ ዕቃ ግን እስከ ዛሬ ይገኛል፤ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፣ የመጨረሻዋ ከፋብሪካ የወጣችው በ2003 እንደ ፈረንጆች ሜክሲኮ ነው። አሌይ ገበያ አዲስ ፑንቲና ከነኮንደንሰሯ አገኘንና፣ መለኪያም ገዛን፤ ጂዶ ነው የከፈለው። የክብሪቱ ካርቶን የሰጠኝ ክፍተት በመለኪያ ሲታይ ትንሽ ሰፍቶ ነበር። ለአባቴ ስነግረው "ገበያ እስክትደርሺ ነው ያልኩሽ" አለኝ።

አሁን በየሦስት ወሩ ቆቡን እከፍታለሁ። እጠርጋለሁ፣ መስመር አለ ወይ ብዬ አያለሁ፣ ፑንቲናውን እለካለሁ፣ ግሪስ እነካካለሁ። ፎቶ ለአባቴ እልካለሁ። እሱ ስለ ሌላ ነገር ብዙ አያወራም። ስለ መሄዴም፣ ስለ 2010ም አንስተን አናውቅም። "ስንት ለካሽ?" ይለኛል። "ዜሮ ነጥብ አራት" እለዋለሁ። "ጥሩ" ይላል። ባለፈው ግን "ጥሩ" ካለ በኋላ ስልኩን ሳይዘጋ ቆየ፣ "እዚያ ብርድ ነው?" አለኝ። "እንደ ደሴ ነው" አልኩት።

እህቶቼ፣ እያንዳንዳችን ከአገራችን ይዘን የመጣነው፣ ደላላው ፎርም ላይ ያልጻፈው ነገር አለ። አንዷ ትሰፋለች፣ አንዷ ሒሳብ ታውቃለች፣ አንዷ ነርስነት ጀምራ ነው ያቋረጠችው። እኔ ለረጅም ጊዜ መደበቅ ብቻ ነበር የሚያዋጣ የመሰለኝ፤ መጋረጃው አስተምሮኝ። አሁን የምለው፣ ከማሳየታችሁ በፊት ዋጋውን አስቡበት ነው። ገንዘብ ባይሆን ሰዓት ይሁን፣ ሰዓት ባይሆን ስልክ ይሁን። ሁሉም ቤት እሺ አይልም፣ አንዳንዱ ቤት መጠየቁ ራሱ አደጋ አለው፤ የራሳችሁን ቤት የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

ድንገት አሠሪያችሁ ቤት አሮጌ መኪና ካለና ጉም የሆነ ጠዋት እምቢ ካለ፣ ቤንዚን ከሸተተ፣ ቁልፉን አውጡና ቆቡን ከፍታችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ከመክፈታችሁ በፊት ግን ስለ እሑድ ተነጋገሩ።